እንቁላልና እሳት፦ ከገበያ እስከ ገበታ

እንቁላል ያለበት ቤት ጾሙን አያድርም። እንግዳ ሳይታሰብ ቢመጣ፣ ልጅ ርቦት ከትምህርት ቤት ቢገባ፣ ወጥ ሳይሠራ ቢመሽ፣ መጥበሻ ተጥዶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ገበታ ይቀርባል። እንቁላልን የሚጎዳውም ይኸው ቶሎ መድረሱ ነው። ለቁሌት ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያማስል ሰው እንቁላል ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። እሳቱን ያጋግመዋል፣ መጥበሻው እስኪጨስ ይጠብቃል፤ ከዚያ ፍርፍሩ ውሃ ያዣል፣ ቅቅሉ እንደ ጎማ ይሳባል፣ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይለብሳል።

የእንቁላል ነጩ መርጋት የሚጀምረው 62 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። አስኳሉ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይወፍራል። ነጩ ሙሉ ለሙሉ የሚጠነክረው ደግሞ ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። እንግዲህ እንቁላል ለመብሰል የሚፈልገው ሙቀት ውሃ ከሚፈላበት እንኳ ያነሰ ነው፤ ዘይቱ የጨሰበት መጥበሻ ግን ከ180 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የረጋው ፕሮቲን እየተኮማተረ በውስጡ የያዘውን ውሃ ጨምቆ ያወጣዋል። ሳህን ላይ ከፍርፍሩ ሥር የሚጠራቀመው ውሃ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ስለ እሳት ነው። እሳቱን የያዘ ሰው ከአንድ ካርቶን እንቁላል ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም ያወጣል።

ሲገዙ

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት እንቁላል አለ። የሐበሻ የምንለው ግቢ ውስጥ እየጫረች ከምትውል ዶሮ የሚገኘው ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ግራም ይመዝናል። የፈረንጅ የሚባለው የእርባታ እንቁላል ከ55 እስከ 60 ግራም ይደርሳል። 4 የሐበሻ እንቁላል ከ3 የፈረንጅ ጋር ይስተካከላል ብሎ መያዝ ለወጥ ቤት ሥራ በቂ ነው። እዚህ «4 እንቁላል» ስንል የፈረንጁን ነው፤ የሐበሻ ከሆነ 5 ወይም 6 ያድርጉት። ይህን የማያስተውል ሰው ኬክ ሲጋግር ሊጡ ይደርቅበታል፣ ሲቀቅል ደግሞ የሐበሻው ከልክ በላይ ይበስልበታል።

የአስኳሉ ቀለም ዶሮዋ የበላችውን ይናገራል። ቅጠላ ቅጠልና በቆሎ የበላች ዶሮ አስኳሏ ደመቅ ያለ ቢጫ ይሆናል። የቅርፊቱ ቀለም ግን የዝርያ ጉዳይ ስለሆነ ቡኒው ከነጩ አይበልጥም፤ ለቡኒ ተብሎ ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም።

የሐበሻ እንቁላል ሲገዙ ዋናው ስጋት ዶሮዋ ታቅፋው እንደሆነ ነው። አውራ ዶሮ አብሮ በሚውልበት ግቢ እንቁላሉ ዘር ሊኖረው ይችላል፤ ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጃል፤ ከ4 ወይም 5 ቀን በላይ የታቀፈ እንቁላል ውስጡ በብርሃን ይታወቃል። አያቶቻችን ወደ ፀሐይ አንስተው በእጃቸው ከልለው ያዩት ነበር። ዛሬ የስልክ መብራት የተሻለ ይሠራል። ጥላ ያለበት ቦታ ይቁሙ፣ መብራቱን ያብሩ፣ የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ መብራቱ ላይ ያስቀምጡና ብርሃኑ በጎን እንዳያመልጥ በጣትዎ ዙሪያውን ይክበቡት። ደህና እንቁላል ውስጡ ወጥ በሆነ ብርቱካንማ ብርሃን ይሞላል፤ ቀስ ብለው ሲያዞሩት የአስኳሉ ጥላ ደብዘዝ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ክፍተት ጥልቀቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ትኩስ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ የደም ሥር ካዩ ታቅፏል፤ ይተዉት። ውስጡ ጠቅላላ ጨልሞ ከሆነም ይተዉት፤ ወይ ጫጩት ይዟል ወይ ተበላሽቷል። ቅርፊቱ ጠቆር ያለ ቡኒ ሲሆን ብርሃኑ በደንብ ስለማያልፍ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ጆሮ ላይ አድርጎ መነቅነቅም የቆየ ዘዴ ነው፤ ሲነቀነቅ የሚንቦጫረቅ ከሆነ አርጅቷል። ትኩስ እንቁላል ድምፅ የለውም።

እዚያው ቆመው የተሰነጠቁትንም ይለዩ። ቅርፊቱ ስንጥቅ ያለበት እንቁላል በርካሽ ቢሰጥዎትም አይግዙት፤ ጀርም የሚገባበት በር ተከፍቷል። ቤት ደርሶ የተሰነጠቀ ከሆነ በዚያው ቀን በደንብ አብስለው ይጠቀሙበት።

ቤት ገብቶ የቀረ ጥርጣሬ ካለ የውሃ ፈተና አለ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉና እንቁላሉን ቀስ ብለው ይልቀቁት። በቅርቡ የተጣለ ከሥር በጎኑ ይተኛል። ከሳምንት በላይ የሰነበተ ሰፊው ጫፉ ቀና ይላል። የቆየው ከሥር ሳይለቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከላይ የሚንሳፈፈው በጣም ያረጀ ነው። ምክንያቱ በቅርፊቱ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በእነሱ በኩል ውስጡ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ እየተነነ ይወጣል፣ በምትኩ አየር ይገባል፣ እንቁላሉም ይቀላል። የተንሳፈፈ ሁሉ ገምቷል ማለት ግን አይደለም፤ ለብቻው ሲኒ ውስጥ ሰብረው ያሽትቱት። የገማ እንቁላል ራሱ ይናገራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ልማድ አለ፤ ምንጊዜም አንዱን እንቁላል ሲኒ ውስጥ ሰብሮ፣ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ሌሎቹ መቀላቀል። አራተኛው እንቁላል ገምቶ ሦስቱን ደህናዎች ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው ሲኒ ማጠቡ አይከብደውም። ሲሰብሩት አስኳሉ አጠገብ ነጭ ወፍራም ክር ቢያዩ አይደንግጡ፤ አስኳሉን መሃል ላይ ይዞ የሚያቆየው ማሰሪያ ነው፣ እንዲያውም የትኩስነት ምልክት ነው። ነጠላ የደም ጠብታም እንዲሁ ዶሮዋ እንቁላሉን ስትሠራ ትንሽ የደም ሥር ተበጥሶ የቀረ ስለሆነ በማንኪያ ጫፍ አውጥቶ መጠቀም ይቻላል።

ማስቀመጥ

እንቁላል ሲጣል በቅርፊቱ ላይ ቀዳዳዎቹን የሚደፍን ስስ ሽፋን ይዞ ይወጣል። ገዝተው እንደገቡ ማጠብ ያንን ሽፋን ያነሣዋል። በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ የበለጠ ይጎዳል፤ ውስጡ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ኩስ ያለበትን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ መታጠብ ካለበት ሊሰብሩት ሲሉ ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። አሜሪካ ውስጥ እንቁላል ታጥቦ ስለሚሸጥ የግድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል፤ አውሮፓ ውስጥ በብዙ አገር ሳይታጠብ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው በዚሁ ሽፋን የተነሣ ነው።

ያልታጠበ እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሳምንት። ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ይሁን፤ አየሩ ከላይ ሲሆን አስኳሉ መሃል ላይ ይቆያል። የማቀዝቀዣው በር ላይ ያለው የእንቁላል ቦታ የተመቸ ቢመስልም በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ስለሚለዋወጥ ውስጥ መደርደሪያው ይሻላል። ነጭ ሽንኩርትና ዓሣ አጠገብም አይሁን፤ ሽታ ይጠጣል።

ትኩሱን ለጥብስ፣ የሳምንቱን ለቅቅል፣ ከዚያ በላይ የሰነበተውን ደግሞ በርበሬና ሽንኩርት ለሚገባበት ፍርፍር ይመድቡ። ይህ አመዳደብ ለምን እንደሆነ ከታች ይታያል።

ቅቅል፦ ደቂቃው እንደ አገሩ ነው

ኢንተርኔት ላይ ያለውን የቅቅል ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ የሞከረ ሰው አስኳሉ ሳይበስል ይቀርበታል። ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 91 ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ ወደ 96 ይወጣል። እሳቱን ምንም ያህል ቢጨምሩ የሚፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚጨምረው መንተክተኩና እንፋሎቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚጨመረው ደቂቃ ነው፦ ከሩብ እስከ ሢሶ ያህል።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ይሠራል። እንቁላሉን ከማቀዝቀዣ አውጥተው 20 ደቂቃ ያቆዩት። ድስት ውስጥ እንቁላሉን በ2 ጣት ስፋት የሚያልፍ ውሃ ያፍሉ። ሲፈላ እንቁላሉን በጭልፋ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ያውርዱ፤ መወርወር ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ወዲያው እሳቱን ቀነስ አድርገው ውሃው በዝግታ እንዲንተከተክ ያድርጉ፤ አለበለዚያ እንቁላሎቹ እየተላተሙ ይፈነዳሉ። ሰዓት መያዝ የሚጀምረው ከገባበት ቅጽበት ነው። ለፈረንጅ እንቁላል፦ አስኳሉ እንደ ማር እንዲፈስ 8 ደቂቃ፣ መሃሉ ብቻ ረጠብ እንዲል 10 ደቂቃ፣ ፍርክስክስ እንዲል 13 ደቂቃ። የሐበሻው ትንሽ ስለሆነ በቅደም ተከተል 6፣ 8 እና 10 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ ላሉ፣ ለምሳሌ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ለሚኖሩ፣ የፈረንጁ እንቁላል በ6፣ በ8 እና በ10 ደቂቃ ይደርሳል።

ብዙ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ጥዶ አብሮ ያፈላዋል። ይበስላል፤ ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለው። የሚፈጀው ጊዜ እንደ ምድጃው ይለያያል፤ በከሰልና በኤሌክትሪክ አንድ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ቀስ ብሎ የሞቀ ነጭ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ ሲላጥ ሥጋው ተቦጭቆ ይወጣል። በፈላ ውሃ ውስጥ የገባው ግን ነጩ ወዲያው ስለሚረጋ ከቆዳው ይለያል።

መላጥ ሌላም ነገር ይፈልጋል። ዛሬ የተጣለ እንቁላል በምንም ብልሃት በቀላሉ አይላጥም። በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅርፊቱ በኩል ወጥቶ እስኪያልቅ ነጩ ከቆዳው ጋር አጥብቆ ይያያዛል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲሞላው ግን ይለቃል። ሰዓቱ እንደ ሞላ የፈላውን ውሃ ይድፉና ቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉበት፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ ያም ስለሚሞቅ አንድ ጊዜ ይቀይሩት። 5 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰፊውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ያንኳኩት፤ አየሩ ያለው እዚያ ስለሆነ ጣት የሚገባበት ቦታ ይገኛል። በመዳፍዎ ቀስ ብለው ያንከባልሉት፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ እንዳለ ይላጡት። ውሃው በቆዳውና በነጩ መካከል እየገባ ይረዳል።

አረንጓዴው ቀለበት መርዝ አይደለም። ከልክ በላይ ሲቀቀል ከነጩ የሚወጣው ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ነው። ሰዓት ጠብቆ ማውጣትና ወዲያው ማቀዝቀዝ ይከለክለዋል። ፍል ውሃው ውስጥ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ ነው የሚያመጣው።

ለዶሮ ወጥ የሚሆነው እንቁላል ልዩ ጥንቃቄ ይገባዋል። በሁዳዴ 55 ቀን ጿሚው እንቁላል ስለማይበላ አንዳንዱ እንቁላል ሱቅ ውስጥ ይሰነብታል፤ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ሁሉም በአንድ ቀን ይገዛል። እንግዲህ ለፋሲካ የሚሆነውን እንቁላል ከሳምንት በፊት፣ በሆሳዕና አካባቢ ገዝቶ በውሃ መፈተን ሁለት ጥቅም አለው። የተንሳፈፈው አስቀድሞ ይለያል፤ ትኩስ የነበረውም እስከ ቅዳሜ ሌሊት ለመላጥ የሚመች ዕድሜ ይደርሳል። 11 ደቂቃ ብቻ ይቀቅሉት፤ ቀሪው ወጡ ውስጥ ይበስላል። ከላጡ በኋላ በቢላ ጫፍ ነጩን ብቻ እየነኩ ቁልቁል 4 ወይም 5 ቦታ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያድርጉት፤ ቁሌቱ የሚገባው በዚያ ነው። አስኳሉ ድረስ ከሰነጠቁት ግን ፍርክስ ብሎ ወጡን ያደፈርሳል። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ወጡ ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከሥጋው ጋር አብሮ የገባ እንቁላል ቀለሙ ያምራል፣ ሲበላ ግን ላስቲክ ነው።

ፍርፍር

ለ2 ሰው፦ 4 እንቁላል፣ 1 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 የበሰለ ቲማቲም፣ 1 ወይም 2 ቃሪያ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ዘይት ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው።

አስቀድሞ እንቁላሉ ይሰበርና ጨው ይገባበታል። ጨው ቀድሞ መግባቱ ጥቅም አለው፤ 10 ደቂቃ ያህል የጠበቀው እንቁላል ሲረጋ ውሃውን ይዞ ለስለስ ይላል። በሹካ ከ15 ጊዜ በላይ አይምቱት። አረፋ እስኪያወጣ የተመታ ፍርፍር አየሩ ሲወጣ ድርቅ ይላል፤ ነጭና ቢጫው እዚህም እዚያም ተለይቶ ቢታይ ያምርበታል እንጂ አይጎዳውም።

ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ በመካከለኛ እሳት 5 ደቂቃ ይቁላላል። ጠርዙ ወርቅ መሰል ሲጀምር ቲማቲሙ ይገባል። የፍርፍር ውሃ ከእንቁላሉ ብቻ አይመጣም፤ ከቲማቲሙም ይመጣል። ስለዚህ የቲማቲሙን ፍሬና ጭማቂ በማንኪያ አውጥተው ሥጋውን ብቻ ይክተፉት፣ ወይም ጭማቂው መጥጦ ዘይቱ በጎን ብቅ እስኪል 4 ደቂቃ ይታገሡ። ማንኪያ በመጥበሻው መሃል ሲጎተት የከፈተው መንገድ ውሃ ካልሞላበት ደርሷል።

አሁን እሳቱ ወደ ዝቅተኛ ይወርዳል። በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚሠራ ሰው ምድጃውን ቢቀንስም ብረቱ ቶሎ ስለማይበርድ መጥበሻውን ግማሽ ደቂቃ ከምድጃው ላይ ያንሣው። በከሰል ከሆነ አመድ ጣል ማድረግ ይበቃል። እንቁላሉን ያፍስሱበትና እጅዎን ይሰብስቡ። ለ20 ሰከንድ ምንም አይንኩት። ዳር ዳሩ ነጣ ብሎ መሃሉ ገና ሲንቀሳቀስ የእንጨት ማንኪያውን ከዳር አስገብተው ወደ መሃል ይግፉ፤ ያልረጋው ወደ ባዶው ቦታ ይፈስሳል። ጥቂት ይጠብቁ፣ ከሌላው ዳር ይግፉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል። ያለ ፋታ የተማሰለ ፍርፍር ደቆ እንደ ቂንጬ ይበታተናል፤ የተገፋው ግን ትላልቅ፣ እርጥብ፣ በእንጀራ ለመጠቅለል የሚመች ይሆናል።

ላዩ ገና እያብረቀረቀ፣ የሚፈስስ ነገር ሳይኖር፣ ቃሪያውን ጣል አድርገው ከእሳቱ ያውርዱት። የመጥበሻው ትኩሳት የቀረውን ይጨርሰዋል። ምድጃ ላይ «በቃ፣ በስሏል» የሚያሰኝ ፍርፍር ገበታ ላይ ሲደርስ አልፎበታል። ቃሪያው መጨረሻ የሚገባው ሽታውና ቀጭ ቀጭ የሚለው ነገሩ እንዳይጠፋ ነው።

ጿሚ ባለበት ቤት ለእንቁላል አንድ መጥበሻ ለይቶ መያዝ ብዙ ንትርክ ያስቀራል።

እንቁላል ስልስ

ይህ ለምሳም ለእራትም የሚበቃ ነው። ለ3 ሰው 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 4 የበሰሉ ቲማቲሞች፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ 5 እንቁላልና ጨው ይዘጋጃል።

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ውሃው እስኪመጥ 8 ደቂቃ ያህል ይማሰላል፤ ዘይቱ ይገባና 5 ደቂቃ ይጨመርለታል። በርበሬው ሲገባ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አብሮ ጠብ ይደረጋል። በደረቅ ዘይት የገባ በርበሬ በደቂቃ ውስጥ አሮ ይመራል፤ ውሃ በዝቶበት ያልተቁላላ ደግሞ ጥሬ ጥሬ ይላል። 5 ደቂቃ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉት። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱና የተከተፈው ቲማቲም ይገባል፤ ክዳኑ ገርበብ ብሎ 15 ደቂቃ ይንተክተክ። ዘይቱ ከላይ ቀይ ሆኖ ሲንሳፈፍ ስልሱ ደርሷል፤ ንጥር ቅቤውና ጨው ይግባበት።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተመታ እንቁላል አፍስሶ፣ 30 ሰከንድ ጠብቆ፣ በሰፊው ማገላበጥ ነው። ሁለተኛው፣ እኛ የምናስበልጠው፣ በማንኪያ ጀርባ 5 ጉድጓድ ሠርቶ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ እንቁላል ሰብሮ መክደን ነው። በዝቅተኛ እሳት ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፤ ነጩ ረግቶ አስኳሉ ሲነካ ለስለስ የሚል ከሆነ ይውጣ። ክዳኑን ቶሎ ቶሎ መክፈት እንፋሎቱን ያባክናል፣ ላዩ ጥሬ ሆኖ ሥሩ ይይዛል። እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ሻክሹካ ከሚሉት ጋር መመሳሰሉን ያውቁታል፤ ጣዕሙን የሚለየው የእኛ ቁሌትና በርበሬ ነው።

ጥብስ

ለጥብስ ትኩስ እንቁላል ያስፈልጋል። የሰነበተው ነጩ ስለሚቀጥን መጥበሻው ላይ ተዘርግቶ ይበተናል፣ አስኳሉም በቀላሉ ይፈሳል። 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት መካከለኛ እሳት ላይ 1 ደቂቃ ይሙቅ። ሊፈተን ሲፈለግ አንድ ጠብታ የእንቁላል ነጭ ይጣልበት፤ ቸስ ሳይል ቀስ ብሎ ከነጣ ልክ ነው። እንቁላሉን ከሲኒ ውስጥ ዝቅ አድርገው ያንሸራቱት። ነጩ ዳር ዳሩን ሲይዝ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ በጎን ጠብ አድርገው ለ1 ደቂቃ ይክደኑት፤ እንፋሎቱ ላዩን ያበስለዋል፣ ማገላበጥ ሳያስፈልግ።

ዱቄትና ዳቦ ሲያገኝ

ፈጢራ ቁርስ ቤት ብቻ የሚበላ የሚመስላቸው አሉ። 250 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተቦክቶ 10 ደቂቃ ይታሻል፤ ዘይት ተቀብቶ 1 ሰዓት ያርፋል። ዕረፍቱን የዘለለ ሊጥ ሲሳብ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ይቀደዳል። ሊጡ ለ2 ይከፈላል፤ ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ አንዱ በእጅ መዳፍ ከመሃል ወደ ዳር እየተገፋ እጅ እስኪያሳይ ይሳሳል። 2 እንቁላል ለስለስ ብሎ ከተፈረፈረ በኋላ መሃሉ ላይ ይደረግና አራቱ ጎን እንደ ፖስታ ይታጠፋል። ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት በእያንዳንዱ ገጽ 4 ደቂቃ፤ እሳቱ ሲበዛ ላዩ አሮ የታጠፈው ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ማር ከላይ።

የደረቀ ዳቦ ካለ ደግሞ 2 እንቁላል ከግማሽ ብርጭቆ ወተትና ቁንጥር ጨው ጋር ይመታል፤ 4 ቁራጭ ዳቦ በእያንዳንዱ ገጽ 30 ሰከንድ ተነክሮ በጥቂት ቅቤ ይጠበሳል። ትኩስ ዳቦ ለዚህ አይሆንም፤ ይፈርሳል።

ለኬክ እንቁላሉ የክፍሉን ሙቀት ይዞ ይምጣ፤ ቀዝቃዛው ቅቤውን ያረጋዋል። ነጩን ለብቻ ለመምታት የሚፈልግ ሰው የአስኳል ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት ይጠንቀቅ፣ ሳህኑም ስብ የሌለው ይሁን፤ ስብ ካለ አረፋው አይቆምም።

ማን፣ እንዴት ይብላው?

የአንድ ትልቅ እንቁላል ውስጡ 50 ግራም ቢሆን 6 ግራም ያህል ፕሮቲንና 70 ካሎሪ ገደማ አለው። ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ዲና ብረቱ በአብዛኛው ያሉት አስኳሉ ውስጥ ነው፤ አስኳሉን ጥሎ ነጩን ብቻ መብላት ዋናውን መጣል ነው። ቫይታሚን ሲ ግን ጨርሶ የለውም፤ ቲማቲምና ቃሪያ አብሮ መግባቱ ከጣዕም ያለፈ ጥቅም ያለው ለዚህ ነው። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በሳምንት ስንት ቢበላ እንደሚሻለው ሐኪሙን ይጠይቅ።

ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች ጥሬውን ብርጭቆ ውስጥ ሰብረው ሲጠጡ ይታያል። ይህን አንመክርም። ሰውነት የበሰለውን እንቁላል ፕሮቲን ከጥሬው በተሻለ ይጠቀምበታል፤ ጥሬው ነጭ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ጠርንፎ ይይዛል፤ ከሁሉም በላይ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ቅርፊቱም ላይ ውስጡም ሊኖር ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለአረጋዊ አስኳሉ እስኪጠነክር ይብሰል። ጥሬ እንቁላል የነካ እጅ፣ ሹካና ጠረጴዛ በሳሙና ይታጠብ፤ ቅርፊቱን ከሰበሩ በኋላ በዚያው እጅ ሰላጣ መቁረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው።

ሕፃን 6 ወር ሲሞላው እንቁላል መጀመር ይችላል። 13 ደቂቃ የተቀቀለ እንቁላል በሹካ ደቆ፣ በእናት ጡት ወተት ወይም በቀጭን ገንፎ ለስልሶ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ቀን የሻይ ማንኪያ ሩብ፣ ጠዋት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ መከታተል እንዲቻል። ሽፍታ፣ ማስመለስ ወይም የፊት ማበጥ ከታየ ማቆምና ሐኪም ማማከር ነው፤ ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ምንም ካልታየ መጠኑ በየቀኑ ይጨመር። ቅቅል ቁራጭ እጁ ላይ አይሰጠው፤ ደረቅ አስኳል ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የተረፈ ቅቅል ሳይላጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ይቆያል፤ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይደር። የተላጠው በማግሥቱ ያልቅ፤ በጨውና በሚጥሚጣ፣ ወይም ከተፈጨ አቮካዶ ጋር ዳቦ ውስጥ ገብቶ የልጅ ምሳ ዕቃ ይሞላል። ጥሬውና የተቀቀለው ተደባልቆ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አሽከርክረው በጣትዎ ለአፍታ ያስቁሙትና ይልቀቁት። የተቀቀለው እዚያው ይቆማል፤ ጥሬው ውስጡ ያለው ፈሳሽ ገና እየዞረ ስለሆነ እንደገና መዞር ይጀምራል።